ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ለምን አይነበብም?



አዘጋጆቹ የጋበዙኝ አካል ጉዳተኞችን ስለሚረዳ ቴክኖሎጂ እንድናገር ነው። ከእናንተ መካከል ሮቦት፣ የሚናገር መነጽር፣ በዐይን ጥቅሻ የሚታዘዝ ኮምፒዩተር እንደሚያይ ጠብቆ የመጣ አይጠፋም። እነዚህ ሁሉ በዓለም ላይ አሉ። እኔ ግን የምጀምረው ከማኅተም ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት የሥራ ማስታወቂያ ያወጣል እንበል። ጸሐፊዋ ደብዳቤውን በኮምፒዩተር ትጽፋለች። ይታተማል፤ ኃላፊው ይፈርማል፤ ክቡ ማኅተም ይመታበታል። ከዚያ ወረቀቱ በስልክ ካሜራ ይነሣና ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል። ማየት የሚችል ሰው አጉልቶ ያነበዋል። በስክሪን ሪደር የሚጠቀም ዐይነ ስውር ምሩቅ ግን ጣቱን እዚያው ማስታወቂያ ላይ ሲያሳርፍ ስልኩ የሚነግረው «ፎቶ» ብቻ ነው። የሥራ መደቡ፣ ደመወዙ፣ የሚፈለገው የትምህርት ደረጃ፣ የመመዝገቢያው ቀን የለም። ፎቶ፣ በቃ።

የሚያበሳጨው ነገር ይህ ደብዳቤ ከአንድ ሰዓት በፊት ይነበብ የነበረ መሆኑ ነው። ጸሐፊዋ ኮምፒዩተር ላይ ሳለ እያንዳንዱ ቃል ለስክሪን ሪደሩ ክፍት ነበር። የዘጋነው እኛ ነን፤ ለማተም ወረቀት፣ ለመፈረም ሰው፣ ፎቶ ለማንሣት ጊዜ አውጥተን፣ ደክመን ዘጋነው።

ስክሪን ሪደር ምን እንደሆነ ለማታውቁ ባጭሩ ልናገር። ኮምፒዩተር ወይም ስልክ ላይ የሚጫን ፕሮግራም ነው፤ በስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ ያነባል፣ ወይም ብሬል ወደሚያወጣ መሣሪያ ይልካል። ተጠቃሚው በቁልፎች ወይም በጣት ምልክት ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው፣ ከርዕስ ወደ ርዕስ ይዘላል። የለመዱት ሰዎች የንግግሩን ፍጥነት ከፍ ስለሚያደርጉት አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ቋንቋው ምን እንደሆነ እንኳ ላይለይ ይችላል። ግን ይህ ፕሮግራም በተለመደ አሠራሩ ዐይን የለውም። የሚያነበው የፊደሉን ቅርጽ ሳይሆን ከፊደሉ ሥር ያለውን ቁጥር ነው። ለኮምፒዩተር «ሀ» 4608 ነው፣ «ለ» ደግሞ 4616። ቁጥሩ ካለ ድምፅ አለ። ፎቶግራፍ ውስጥ ግን ያለው የቀለም ነጠብጣብ ነው፤ የፊደል ቁጥር የለም።

እንግዲህ ምሩቁ ምን ያደርጋል? ሰው ይጠራል። ወንድም፣ ጎረቤት፣ የዶርም ጓደኛ፣ ካልተገኘም መንገደኛ። ለሥራ ማስታወቂያ ይህ ቀላል ነው ልትሉ ትችላላችሁ። የባንክ ደብዳቤስ? የፍርድ ቤት መጥሪያስ? የላቦራቶሪ ውጤትስ? ደብዳቤውን የሚያነብለት ሰው ከእሱ በፊት ያውቀዋል፤ እንዳነበበው ፊቱ ምን እንደመሰለም እሱ አያይም። ምስጢር ያለው ኑሮ እንዲኖረን ሁላችንም እንፈልጋለን። አንዳንዶቻችን ግን ደብዳቤያችንን እንኳ ያለ ምስክር ማንበብ ተከልክለናል።

ስለ ብዛቱ አንድ ሁለት ቁጥር ብቻ ልጥቀስ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ሪፖርት በዓለም ላይ ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች ቢያንስ አንድ መርጃ መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል፤ ወደ 1 ቢሊዮን የሚጠጉት ደግሞ አያገኙም። በአንዳንድ ድሃ አገሮች የሚያስፈልገውን መሣሪያ የሚያገኘው ሰው ከመቶ 3 ያህል ብቻ ነው። በዚህ ቁጥር ውስጥ መነጽር፣ ክራንች፣ ዊልቸር፣ ሰው ሠራሽ እግር፣ የመስሚያ መሣሪያ፣ ስክሪን ሪደር ሁሉም ተደምረዋል። ስለ ዊልቸርና ስለ ሰው ሠራሽ አካል ዛሬ አልናገርም፤ የእነሱ ጣጣ ገንዘብ፣ ጉምሩክ፣ መለዋወጫና ጠጋኝ ነው፣ ለብቻው አንድ ማታ ይበላል። የምናገረው ገንዘብ ሰበብ ሊሆን ስለማይችልበት ነገር ነው።

ገንዘብ ሰበብ የነበረበት ዘመን ግን ነበር። ቴድ ሄንተር የሚባል አሜሪካዊ የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 በመኪና አደጋ ዐይኑን አጣ። ፕሮግራመርነት ተምሮ ከባልደረባው ከቢል ጆይስ ጋር ኩባንያ አቋቋመና በ1989 ጆውስ የሚባለውን ስክሪን ሪደር አወጡ። ጆውስ ለብዙ ዐይነ ስውራን የቢሮ ሥራ በር ከፈተ። ዋጋው ግን ለረጅም ዘመን በሺህ ዶላር አካባቢ ነበር። በእኛ አገር ደመወዝ ይህን ማሰብ ዘበት ነው፤ የተሰረቀ ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረውም ስለዚህ ነው፣ ማንም ደስ ብሎት አልሰረቀም።

እ.ኤ.አ. በ2006 ማይክል ከራን የሚባል ዐይነ ስውር አውስትራሊያዊ ወጣት ይህን ነገር አልቀበልም አለ። ማየት የሚችል ሰው ስክሪኑን ለማየት ተጨማሪ ገንዘብ አይከፍልም፤ እኔ ለምን እከፍላለሁ የሚል ሙግት ነው። ኤንቪዲኤ የተባለውን ስክሪን ሪደር መጻፍ ጀመረ፤ ጄምስ ቴህ የሚባል ሌላ ዐይነ ስውር ፕሮግራመር ተቀላቀለው። ፕሮግራሙ ነጻ ነው፤ ኮዱ ክፍት ነው፤ በፍላሽ ተጭኖ ዊንዶውስ ያለው የትኛውም የኢንተርኔት ቤት ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ አፕል ቮይስኦቨር የተባለውን ስክሪን ሪደር አይፎን ውስጥ አብሮ አስገባ፤ በዚያው ዓመት አንድሮይድም ቶክባክን ያዘ። ከዚያ ወዲህ አብዛኞቹ ስማርት ስልኮች ስክሪን ሪደር በሆዳቸው ይዘው ነው የሚመጡት። እናንተም ኪስ ውስጥ አለ።

መሣሪያው ኪስ ድረስ ከመጣ ታዲያ ምን ቀረ? የቀረው አማርኛ ነው።

ከመካከላችሁ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በኮምፒዩተር የጻፈ ሰው ያስታውሳል። ያኔ የኮምፒዩተር ፊደል ሰንጠረዥ ከ256 የማይበልጥ ቦታ ነበረው፤ ከዚያም ላይ ብዙው የተያዘ ነው። የእኛ ፊደል 33 በ7 ተባዝቶ ብቻውን 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሳይቆጠሩ። ስለዚህ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች ሲጀመሩ ያደረጉት ብልሃት ለላቲን ፊደል በተሰጠው ቁጥር ላይ የግዕዝ ቅርጽ ማልበስ ነበር። ስክሪኑ ላይ ያማረ አማርኛ ይታያል፤ ከሥሩ ያለው ቁጥር ግን የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ነው። ለዘመኑ ትልቅ ሥራ ነበር፤ መጻሕፍትና ጋዜጦች በዚያ ታትመዋል፤ የሠሩት ሰዎችም ምስጋና ይገባቸዋል። ለስክሪን ሪደር ግን ጽሑፉ ከቶ አማርኛ አይደለም። የሚሰማው የመቶኛ ምልክት፣ ቅንፍ፣ የዶላር ምልክት፣ ጥቂት የእንግሊዝኛ ፊደል፣ እንደገና ቅንፍ ነው።

ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትሙ የግዕዝን ፊደል አካተተ። 384 ቦታ ያለው የራሳችን ሰፈር ተሰጠን፤ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቋሚ ቁጥር አገኘ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አማርኛን ለማሽን የሚነበብ አድርጎ መጻፍ ይቻላል። ሆኖም ከሃያ አምስት ዓመት በላይ አልፎ አሁንም በአሮጌው ፎንት ተጽፈው ፒዲኤፍ የሆኑ ደንቦች፣ የምርምር ጽሑፎች፣ የመማሪያ መጻሕፍት ይገኛሉ። መለየት ቀላል ነው፤ አንድ አረፍተ ነገር ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ ለጥፉት። አማርኛው ወደ እንግሊዝኛ ፊደል ዝባዝንኬ ከተለወጠ፣ ያ ሰነድ ለዐይነ ስውር አንባቢ የለም። ለጉግል ፍለጋም የለም። እናንተም ብትሆኑ ከ300 ገጽ ውስጥ አንድ ቃል ልትፈልጉበት አትችሉም።

ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላ ድምፁ ይቀራል። ኢስፒክ ኤንጂ የሚባለው ነጻ የንግግር ፕሮግራም ከሚያነባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ድምፁ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል፤ ግን ትንሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በሌላው ጫፍ ማይክሮሶፍት መቅደስና አምሃ የሚባሉ ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉት፤ የሰው ንግግር ይመስላሉ፣ ግን ከሩቅ ሰርቨር በኢንተርኔት ነው የሚመጡት። ኔትወርክ ሲጠፋ መቅደስ ዝም ትላለች። እኔ ለዕለት ሥራ ቆርቆሮውን እመርጣለሁ፤ የማይለይ ባልደረባ ነውና።

የአማርኛ ንግግር ለማሽን የሚከብድበት ምክንያት በጽሑፋችን ውስጥ ነው። ማጥበቅና ማላላትን አንጽፍም። «ገና ነው» የሚል መልእክት ቢደርሳችሁ በዓሉ መሆኑን ወይስ ጊዜው አለመድረሱን የምታውቁት ከወሬው ነው። «አለ» የተናገረ ነው ወይስ የሚገኝ? «ዋና» ውኃ ውስጥ ነው ወይስ አለቃ? ሰው አንባቢ ከዐውዱ ይገምታል፤ ርካሹ ፕሮግራም አይገምትም። ለዚህ መፍትሔው የቋንቋ ምሁራንና የኮምፒዩተር ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የጠበቀውንና የላላውን ለይቶ የሚያሳይ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ነው። ረጅም፣ አድካሚ፣ ጭብጨባ የማያስገኝ ሥራ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚያስመርቋቸው ተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲያጡ አያለሁ፤ ይኸው ርዕስ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እሱን በተለይ እወደዋለሁ። ዐይነ ስውር ጸሐፊ የጻፈውን ሲያርም ፊደል በፊደል እየሄደ ይሰማል። እዚህ ላይ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ሲደርሱ ሦስቱም «ሃ» ተብለው ይነበባሉ። «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ»ም እንዲሁ። ማሽኑ ልዩነቱን ያውቀዋል፤ «ሀ» 4608፣ «ሐ» 4624፣ «ኀ» 4736 ነው። የማያውቀው ጆሮ ነው። ታዲያ አባቶቻችን ይህን ችግር ከኮምፒዩተር በፊት ፈትተውታል እኮ። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ። አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ። ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። እነዚህ ስሞች ቤተ ክህነት ውስጥ ፊደልን በድምፅ ብቻ ለመለየት የተበጁ ናቸው፤ ስክሪን ሪደር የሚፈልገውም ያንኑ ነው። ፊደል በፊደል ሲያነብ «ንጉሡ ሠ» እንዲል ማድረግ ጥቂት መስመሮችን ወደ አንድ ፋይል መጨመር ነው። በላቲን ፊደል የሚጽፉት፣ አብራሪዎች ለሬዲዮ የሚጠቀሙበት የፊደል ስም ዝርዝር አላቸው፤ ስክሪን ሪደሮቻቸውም እሱን ይጠሩላቸዋል። የእኛው ተዘጋጅቶ ቁጭ ብሏል።

ይህን ካነሣሁ አይቀር፣ ዐይነ ስውር ሊቅ በእኛ አገር አዲስ አይደለም። በቅኔ ቤት ትምህርቱ በቃል ነው። መምህሩ ይነግራል፣ ተማሪው ይቀበላል፣ ሌሊት ቆጥሮ ጠዋት ይቀኛል። እዚያ ዐይን ያለውና የሌለው ተማሪ የሚፎካከሩት በጆሮና በልብ ነው፤ ዐይነ ስውራን የቅኔና የዜማ መምህራንም የወጡት ከዚያ ነው። ያን ዘመን ናፍቄ አይደለም የምናገረው፤ ረኃቡም ቁንጫውም ነበረበት። የምለው፣ አንድ ሰው እውቀት ላይ ለመድረስ የሚያቅተው በዐይኑ ምክንያት ብቻ ሳይሆን እውቀቱ በተቀመጠበት መልክ ምክንያት መሆኑን ነው። እውቀት በድምፅ ሲቀመጥ ዐይነ ስውሩ መምህር ሆነ፤ ወደ ወረቀት ሲሄድ ተማሪ እንኳ ለመሆን አንባቢ ፈላጊ ሆነ።

ብሬል ይህን ከፍተኛ ግድግዳ ከፊሉን አፈረሰ። ሉዊ ብሬል ሥርዓቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1829 የሃያ ዓመት ወጣት ሆኖ ነው፤ በእኛም አገር ዐይነ ስውራን ልጆች እንደ ሰበታው መርሐ ዕውራን ባሉ ትምህርት ቤቶች ስሌትና ስታይለስ (የብሬል መጻፊያ ሰሌዳና መውጊያ) ይዘው አማርኛን በስድስት ነጥብ ተምረዋል። ግን የአማርኛ ብሬል ተነባቢውንና አናባቢውን ለያይቶ ነው የሚጽፈው፤ በፊደላችን አንድ የሆነው «ቡ» በብሬል ሁለት ይሆናል። አንድ መጽሐፍ በብሬል ሲወጣ በርካታ ወፋፍራም ጥራዝ ይሆናል። ኤሌክትሮኒክ ጽሑፍ ግን ክብደት የለውም፤ አንድ ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ጥፍር በምታክል ካርድ ላይ ይቀመጣል፤ በድምፅም በብሬልም ይወጣል። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ2013 ማራካሽ ላይ የተፈረመው ስምምነት ትልቅ ነገር የሆነው። ዐይነ ስውራንና ማንበብ የተሳናቸው ሰዎች እንዲያነቡት መጽሐፍን ለእነሱ በሚመች መልክ ለማባዛት፣ ከአገር ወደ አገርም ለመላክ የደራሲ መብት ሕግ እንቅፋት እንዳይሆን ያደርጋል። ኢትዮጵያ በ2020 ተቀላቅላለች። አሁን የጎደለው አሳታሚዎች ፋይሉን የሚሰጡበት፣ ቤተ መጻሕፍት የሚቀበሉበት የታወቀ መንገድ ነው።

ወደ ማኅተሙ ልመለስ፤ ምክንያቱን ሳይረዱ መውቀስ ተገቢ አይደለምና። መሥሪያ ቤቶች ፎቶ የሚለጥፉት ዐይነ ስውርን ለመጉዳት አስበው አይደለም። በአገራችን ማኅተም የሌለው ወረቀት ወሬ ነው። ጽሑፍ ብቻ ከተለጠፈ ማንም ሊቀይረው ይችላል፤ ሐሰተኛ የሥራ ማስታወቂያ፣ ሐሰተኛ ሰርኩላር ተደጋግሞ ስላጋጠመን ሰዉ «ማኅተሙን አሳየኝ» ይላል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። መፍትሔው ግን አንዱን ከሌላው ማማረጥ አይደለም። ማኅተም ያለበትን ፎቶ ለጥፉ፤ ከሥሩ ደግሞ ሙሉውን ጽሑፍ አስቀምጡ። ጽሑፉ በጸሐፊዋ ኮምፒዩተር ላይ አለ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አንድ ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ ጥቂት ኪሎ ባይት ነው፤ የዚያው ገጽ ፎቶ በመቶዎች የሚቆጠር። በካርድ ዳታ የምትከፍሉ ሁሉ ልዩነቱን ታውቁታላችሁ።

ሕጉም ቢሆን ከኛ ልማድ ቀድሟል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ሰነድ በወረቀትና በማኅተም ብቻ እንዳይታሰር መንገድ ከፍተዋል። የአካል ጉዳተኞች መብት ዓለም አቀፍ ስምምነትም በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የአገራችን ሕግ አካል ሆኗል፤ አንቀጽ 9 የመረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂ ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲሆን መንግሥትን ያስገድዳል። ስለ ደረጃ መውጫ ራምፕ ስናወራ የሚገባን ሰዎች ስለ ድረ ገጽ ሲሆን «የቴክኒክ ጉዳይ ነው» እንላለን። ሕጉ እንዲያ አይልም።

(ፎቶን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ቴክኖሎጂ የለም ወይ የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። አለ፤ ቴሴራክት የሚባለው ነጻ ፕሮግራም አማርኛን ያነባል። ነገር ግን የፊደላችን ልዩነት ያለው ትንሽ ቅጥያ ላይ ነው፤ ካሜራው ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ካዕቡ ሣልስ ይሆናል። ማኅተሙ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ፊርማው አጠገብ፣ የቀኑና የኃላፊው ስም ላይ ነው። ማሽኑ የሚሳሳተውም እዚያው ላይ ነው።)

ከፎቶ ቀጥሎ የሚያስቸግረው ስም የሌለው ቁልፍ ነው። መተግበሪያ የሚሠሩ ወጣቶቻችን ገንዘብ መላኪያውን የቀስት ሥዕል፣ መሰረዣውን የቅርጫት ሥዕል ያደርጉታል። ያምራል። ከሥዕሉ ሥር ግን ስም ካልጻፉ ስክሪን ሪደሩ «በተን» ይላል፤ ቀጥሎ ያለውም «በተን»፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውም «በተን»። ከሦስቱ አንዱ ገንዘብ ይልካል። የትኛውን ትነኩ ነበር? ስሙን መጻፍ ለፕሮግራመሩ አንድ መስመር ነው። የቀለሙም ነገር እንዲሁ ነው፤ ደብዛዛ ግራጫ ጽሑፍ ነጭ ላይ ማስፈር አሁን ፋሽን ሆኗል፤ ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ግን ተራ ጽሑፍ ከጀርባው ጋር ያለው የብርሃን ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1 እንዲሆን ያዛል። ዐይናቸው የደከመ እናቶቻችን ፀሐይ ላይ ቆመው ስልክ የሚያነቡበት አገር ውስጥ ይህ ቅንጦት አይደለም።

ስማርት ስልክ የሌለውስ? በኮከብና በመሰላል የሚደወለው የአገልግሎት ቁጥር አለ። ተራ ስልክ ስክሪን ሪደር ስለሌለው ዐይነ ስውሩ ዝርዝሩን በቃሉ ይይዛል፦ መጀመሪያ 1፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ የስልክ ቁጥር፣ ከዚያ መጠኑ። ቅኔ ቤቱ እዚህ ጠቅሟል። ታዲያ ድርጅቱ አንድ ቀን አዲስ አገልግሎት ከላይ ይሰገስግና ቁጥሩ ሁሉ አንድ አንድ ይገፋል። ለሌላው ሰው አዲስ አገልግሎት ነው፤ ለእሱ ግን መንገዱ ጠፋ። አዲሱን ከታች መጨመር ምን ከለከለ?

እስካሁን ስለ ዐይነ ስውራን አብዝቻለሁ፤ እኔ በቅርብ የማውቀው እሱን ስለሆነ ነው። መስማት ስለተሳናቸው ወገኖቻችን አንድ ነገር ሳልናገር ግን አልወርድም። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ አጭር የጽሑፍ መልእክት በአገሪቱ ለሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ለአብዛኞቻችን ችግሩ ደውሎ መናገር ብቻ ነበር። መስማት ለተሳነው ሰው ግን ስልክ ማለት ጽሑፍ ነው፤ ስለዚህ ያን ጊዜ ስልኩ ነው የተዘጋው። ውሳኔው ሲሰጥ ይህ ለማንም ትዝ ያለ አይመስለኝም። ዛሬ መልእክቱ ተከፍቷል፤ የቪዲዮ ጥሪ በምልክት ቋንቋ ለማውራት አስችሏል። በሌላ በኩል ወሬው፣ ትምህርቱ፣ የጤና ምክሩ ሁሉ ወደ ቪዲዮ እየሄደ ነው፤ ከሥሩ የአማርኛ ጽሑፍ የሌለው ቪዲዮ ለእነሱ አፍ የሚያንቀሳቅስ ሰው ነው። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ጥግ ላይ ማስቀመጥም መልካም ነው፤ ግን እጁ እንዲታይ አሳድጉት። በጥግ ላይ ቴምብር የምታክል ሣጥን ውስጥ የገባ አስተርጓሚ ለይምሰል ነው።

አንዳንድ ድርጅቶች ይህን ሁሉ ሰምተው «ለአካል ጉዳተኞች የተለየ ገጽ እንሠራለን» ይላሉ። በጎ ፈቃዳቸውን አልጠራጠርም፤ ሐሳቡን ግን እቃወማለሁ። ዋናው ገጽ በየሳምንቱ ይታደሳል፤ የተለየው ገጽ ከምረቃው በኋላ ማንም አይነካውም። የሚያስፈልገው በዋናው በር መግባት ነው። አሜሪካ ውስጥ ጊየርሞ ሮብልስ የሚባል ዐይነ ስውር ሰው ከታወቀ የፒዛ ድርጅት በድረ ገጽና በመተግበሪያ ለማዘዝ አቅቶት እ.ኤ.አ. በ2016 ከሰሰ። ድርጅቱ፣ ለድረ ገጽ የወጣ ዝርዝር ደንብ ሳይኖር ልጠየቅ አይገባም ብሎ ተከራከረ፤ በእርግጥም የአገሪቱ የአካል ጉዳተኞች ሕግ የወጣው በ1990፣ ድር ሕዝብ ዘንድ ሳይደርስ ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2019 ሕጉ የድርጅቱን ድረ ገጽና መተግበሪያም ይመለከታል አለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም የድርጅቱን አቤቱታ አልቀበልም ብሎ መለሰው። ለአንድ ፒዛ ይህን ያህል? ትሉ ይሆናል። ሰውየው ግን የሚሟገተው ማንም ሰው ደጁ ላይ ሳያስፈቅድ የሚያገኘውን ለማግኘት ነበር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሕግ ባለሙያዎች አያለሁ፤ የዓለም አቀፉን ስምምነት አንቀጽ 9 ይዞ ፍርድ ቤት ለመቆም ምን እንደሚያስፈልግ ብታጠኑልን ደስ ይለኛል። ዐይነ ስውራን ጠበቆች በአገራችን አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኘችው የትነበርሽ ንጉሤ የሕግ ባለሙያ ናት፤ ለአካል ጉዳተኞች ልማት የሚሠራ ማዕከልም ከባልደረቦቿ ጋር መሥርታለች። ይሁንና ዐይነ ስውራን ተማሪዎቻችን በብዛት ወደ ሕግና ወደ ቋንቋ የሚሄዱት ፊዚክስን ጠልተው እንዳይመስላችሁ። የፊዚክስ መጽሐፉ ሥዕልና ቀመር ነው፤ ማንም አላነበበላቸውም።

አሁን የኮምፒዩተር ሰዎች አንድ የቤት ሥራ ስጡን እንደምትሉ ስለማውቅ፣ ይኸው። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ራሳችሁ የሠራችሁትን ወይም መሥሪያ ቤታችሁ የሚጠቀምበትን መተግበሪያ ክፈቱ። ከዚያ በስልኩ ቅንብር ውስጥ «ተደራሽነት» የሚለውን ፈልጋችሁ ቶክባክን አብሩ። ከመጀመራችሁ በፊት ልንገራችሁ፦ ከበራ በኋላ አንድ ጊዜ መንካት ማንበብ ብቻ ነው፣ ለመክፈት ሁለቴ ትነካላችሁ፤ ገጹን ለማንቀሳቀስ በሁለት ጣት። ይህን ሳያውቁ አብርተው ማጥፋት አቅቷቸው ስልክ ጠጋኝ ቤት የሄዱ ሰዎች አሉ። አሁን ስክሪኑን በሻሽ ሸፍኑና 50 ብር ለጓደኛችሁ ላኩ። ስንት «በተን» እንደሰማችሁ በወረቀት መዝግቡ። በሚቀጥለው ስብሰባ ወረቀቱን ይዛችሁ ኑ፤ ስሞቹን አብረን እንጽፋቸዋለን፣ በአማርኛ።